ከሀይቁ በታች የተደረገ ሽምግልና

ጀማነህ ሽማግሌ የሚያከብር ሰው ነው። አክብሮቱንም ከኮለምበስ ከተማ ወጣ ብሎ ጋሃና ካለው ቤቱ ድረስ ሁለት ጊዜ የመጡትን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ "እስቲ እንመካከርበት" ብሎ በመሸኘት አሳይቷል። ከዚያ ወዲያ ሲደውሉለት ስልኩን አያነሳም ነበር። ሳይደውሉ የመጡ ዕለት ደግሞ፣ መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ቴሌቪዥኑ ሳሎን እየጮኸ፣ እሱ ቤዝመንት ወርዶ ልብስ ማጠቢያው ማሽን አጠገብ ተቀመጠ። ሚስቱ ማንያህልሻል በሩን ከፍታ "ሥራ ላይ ነው" አለቻቸው። አልዋሸችም፤ ካልሲ እያጣመረ ነበር።

ነገሩ የልጁ የአርሴማ ጋብቻ ነው። አርሴማ ኮሌጅ ጨርሳ፣ ጥሩ ሥራ ይዛ፣ አንድርያስ የሚባል ልጅ ወዳለች። ጀማነህ አንድርያስ ላይ ይህ ነው የሚባል ነውር አላገኘበትም፤ ፍለጋው ግን ሳይታክት የተካሄደ ነበር። ልጁ አይጠጣም፣ ያስቀድሳል፣ አማርኛም ይሞክራል። ከቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር የሚሠራውን ሥራ ጀማነህ "በፒጃማ የሚበላ ደመወዝ" ብሎ ሰይሞታል፤ ሞርስ ሮድ በሚባለው ጎዳና ላይ ጎማ ሲቀይር ውሎ ወገቡን ይዞ ለሚገባ ሰው ይህ ስድብ ሳይሆን ቅናት መሆኑን ማንያህልሻል ታውቃለች። የአንድርያስ ትልቁ ጥፋት አባቱ ነው። አባቱ ዘካርያስ ነው።

ጀማነህና ዘካርያስ ሱዳን በአንድ ድንኳን ያደሩ፣ ኮለምበስ በአንድ ሳምንት የገቡ፣ ፍራንክሊንተን ሰፈር ውስጥ አንድ ፍራሽ በፈረቃ የተኙ ጓደኛሞች ነበሩ። ስደት አላጣላቸውም፣ ረሀብም አላጣላቸውም። ያጣላቸው የቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ነው። ሁለቱም የሰበካ ጉባኤ አባል ሳሉ ጀማነህ ለግቢው ጠጠር ይበቃዋል አለ፤ ዘካርያስ አስፋልት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ስብሰባ ተጠራ፣ ስብሰባውን የሚያጣራ ስብሰባ ተጠራ፣ ጠበቃ ተያዘ፣ በመጨረሻ ምእመኑ ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ የጠጠሮቹ ቤተ ክርስቲያንና የአስፋልቶቹ ቤተ ክርስቲያን አንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ የትራፊክ መብራት ተለያይተው ቆመዋል። በሃይማኖት ፍጹም አንድ ናቸው። ጀማነህ ጠጠርን የደገፈው ጎማ እንዲበላለት ነው የሚል ሐሜትም አለ፤ ሐሜቱን ያስወራው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

እንግዲህ የአባቶች ቀን ሲቃረብ አርሴማ መጣችና "ዳድ፣ ቅዳሜ ቱር ቡክ አድርጌልሃለሁ" አለችው።

"የምን ቱር?"

"ሶልት ማይን። እዚያ ሀይቁ ጋ፣ መሬት ውስጥ።"

"ጨው ለማየት ነው ሰቨንቲ ዋን ሀይዌይን ይዤ እስከ ሀይቁ የምነዳው? ኩሽና ውስጥ አለ እኮ።"

"ኢትስ ሂስቶሪክ፣ ዳድ!"

"እኔም ሂስቶሪክ ነኝ፤ ማን ቲኬት ቆርጦ አየኝ?"

ሊቀር ወስኖ ነበር፤ ልጅቱ ስትወጣ "እታች ደግሞ ስልክ አይሠራም፣ ቢያንስ ታርፋለህ" ባትለው ኖሮ። ስልክ የማይሠራበት፣ ሽማግሌ የማይደርስበት፣ በር የማይንኳኳበት አገር! ጀማነህ ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ለብሶ መኪናው ውስጥ ተገኘ። ማንያህልሻል ኮት ደርብ ስትለው "ለጨው?" አላት። "ይበርዳል አሉ" አለችው፤ እሷ ራሷ ግን የሀገር ልብሷን ነበር የለበሰችው። ይህንንም ልብ አላለውም። ከሽማግሌ ያመለጠ ሰው ደስታ ዓይን ያጨልማል።

ማዕድኑ ጋ ሲደርሱ ሊንዳ የምትባል ሳቂታ አስጎብኚ ተቀበለቻቸው። ለእያንዳንዱ ሰው ሄልሜት አደለች፤ አደጋ ቢፈጠር የምታስተነፍስ ትንሽ ሳጥንም ወገባቸው ላይ አሰረች። ቀጥላም አደጋ ፈጽሞ እንደማይፈጠር አስረዳች። አሳንሰሩ የድሮ ሠራተኞች ይወርዱበት የነበረ የብረት ሣጥን ነው፤ ለታሪኩ ክብር ሲባል መብራት አልገባለትም። ጀማነህ ጥግ ይዞ ቆመ። ዘግይተው የደረሱ ሌሎች ጎብኚዎች ከኋላው ተጋፍተው ገቡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጨለመ፣ ብረቱ እየተንቋቋ ቁልቁል ወረደ።

መንገዱ ሲጋመስ ከጨለማው ውስጥ አንድ ጉሮሮ ተጠረገ። ጀማነህ ያን ጉሮሮ ያውቀዋል። ኮለምበስ ውስጥ በዚያ ጉሮሮ ያልተጀመረ እርቅ፣ ያልተከፈተ ለቅሶ ቤት የለም።

"ጤና ይስጥልን፣ አቶ ጀማነህ" አለ ድምፁ።

"ጋሼ ሀይሉ?" አለ ጀማነህ፤ ድምፁ ቀጥኖ።

"እንደምን ከረሙ? ቤት ብንመጣ ሥራ ላይ ነዎት አሉን።"

ታች ሲደርሱ መብራት ሆነ፤ ጀማነህም ጉዱን አየ። ጋሼ ሀይሉ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ በላዩ ቢጫ ሄልሜት ደፍተዋል። አጠገባቸው አቶ ማዘንጊያ ቆመዋል፤ የእሳቸው የሽምግልና ሥራ ጋሼ ሀይሉ በተናገሩ ቁጥር ራስ መነቅነቅ ነው፤ ዛሬ ሄልሜቱ እየተንሸራተተ አስቸግሯቸዋል። ሦስተኛው ሽማግሌ ሪህ ስለተነሳባቸው ቀርተዋል። በእሳቸው ቦታ፣ ወጉ ባይፈቅድም፣ ዘካርያስ ራሱ ከልጁ ከአንድርያስ ኋላ ተደብቆ ቆሟል። ለመደበቅ ያህል ሄልሜቱን እስከ ቅንድቡ አውርዶታል።

ጀማነህ ወደ ሚስቱ ዞረ። ማንያህልሻል ግድግዳው ላይ ያለውን ጨው በታላቅ ጥሞና ትመረምር ነበር።

ሊንዳ ስለ ጨው አፈጣጠር ማስረዳት ጀመረች፤ ከዚህ በፊት እዚህ ባሕር ነበረ፣ ደረቀ፣ ሌላ ባሕር መጣ፣ እሱም ደረቀ። ጀማነህ በሕይወቱ እንዲህ ትምህርት ተከታትሎ አያውቅም። ፊት ፊቷ እየሄደ ጥያቄ ላይ ጥያቄ ደረደረላት። ሽማግሌዎቹም ከኋላ አልለቀቁትም። ግድግዳው ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሰፊ አዳራሽ ሲደርሱ ጋሼ ሀይሉ ጠጋ አሉ።

"አቶ ጀማነህ፣ እንደሚያውቁት ለክፉ አልመጣንም። ልጅዎን ለልጃችን..."

"ጋሼ ሀይሉ፣ ይህ እኮ ሙዚየም ነው።"

"እግዚአብሔር የሌለበት ቦታ የለም።"

አቶ ማዘንጊያ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሄልሜቱ ወደቀ።

"እሺ፣ እንግዲህ ሰምቻለሁ። ቤት ገብተን እንመካከርበትና ሌላ ቀን..."

ይህን ሲል ነው መብራቱ ብልጭ ድርግም ብሎ ግማሹ የጠፋው። የሊንዳ ሬዲዮ ተንጫጫ። እሷም ፈገግታዋን ሳትቀንስ፣ ላይ መብራት ተቋርጦ አሳንሰሩ መቆሙን፣ ሰው እየተጠራ መሆኑን፣ የሚያሰጋም አንዳች ነገር አለመኖሩን ነገረቻቸው። እስከዚያው የስጦታ ሱቁ ክፍት ነው አለች። የስጦታ ሱቁ የሚሸጠው ጨው ነው።

ጋሼ ሀይሉ ጨዋ ሰው ስለሆኑ አልሳቁም። "ሌላ ቀን ላሉት፣ እኛ ችግር የለብንም። እንጠብቃለን" አሉ ብቻ። ከጨው የተጠረበ አግዳሚ ወንበር አጠገባቸው ነበር፤ አርሴማ ጉልበታቸውን አስባ "ጋሼ፣ ሲት ዳውን፣ ፕሊስ" አለቻቸው። "እሺታ ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ልጄ። ወጉ ነው" አሉና ቆሙ። ቆዩ። ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። ጀማነህ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

የዘካርያስን ድምፅ ግን ማንም አልሰማም። ጀማነህ ያን ያወቀው ከሁሉ ቀድሞ ነው፤ ጠላቱን እንደሱ አጥብቆ የሚከታተል ሰው ስለሌለ። ዘካርያስ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ በአጭር በአጭሩ ይተነፍሳል፤ ግንባሩ ላብ አቸፍችፏል፤ እጁ ክራቫቱን እየጎተተ ነው። ጀማነህ ይህን ፊት ያውቀዋል። ድንበር ሲሻገሩ በጭነት መኪና ላይ፣ በከረጢት ክምር መካከል ሸራ ተጎናጽፈው ሲሄዱ አይቶታል። ያን ጊዜ ማባበልም መጸለይም ሞክሮ እምቢ ብሎት፣ በመጨረሻ ስለ ኳስ ቡድን አንስቶ ጠብ ጭሮበት ነበር። ዘካርያስ እየተሳደበ ድንበር ተሻገረ።

ጀማነህ ሄዶ ፊቱ ቆመ።

"አንተ! ያ አስፋልትህ ተሰነጣጠቀ አሉ።"

ዘካርያስ ዓይኑን ገለጠ። "ማን... አለ?"

"ሰው ሁሉ። አንድ ክረምት አልቻለም። ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ ሆኗል።"

"ውሸት... ነው..."

"ባለፈው አንዲት ሴት ጎማዋ ተቀዶ መጣች። የት ነው የገባሽበት ስላት ያንተን ፓርኪንግ ነገረችኝ።"

"የገባችው ያንተ ጠጠር ላይ ነው፣ ውሸታም! ያ ሚስማር የሞላው ጠጠርህ ላይ!" ይህ በአንድ ትንፋሽ የወጣ ነበር።

"ጠጠር ውኃ ያሳልፋል!"

"የእትዬ ጽጌረዳን ቁርጭምጭሚትስ? እሱንም አሳለፈው?"

"እትዬ ጽጌረዳ በዚያ ዕድሜ ታኮ አድርጊ ማን አላት?"

ጩኸታቸው ጨው ለጨው እየተላተመ ሄዶ ተመለሰ። ሌሎቹ ጎብኚዎች ተጠጋግተው ቆሙ። አንድርያስ ደንግጦ "ሹድ ዊ ስቶፕ ዜም?" አለ።

"ተዋቸው፣ እየታከመ ነው" አለች ማንያህልሻል።

ዘካርያስ ጣቱን እየቀሰረ ስለ ውኃ መውረጃ ቦይ አስረዳ፤ ስለ ኮንትራክተሩ አስረዳ፤ ጀማነህ አንድም ነገር እንደማይገባው በሰፊው አስረዳ። ላቡ ደረቀ። ክራቫቱን ለቀቀው። ከዚያ ድንገት ንግግሩን አቋርጦ ጀማነህን አተኩሮ አየው።

"ሆን ብለህ ነው፣ አይደል?"

"ምኑን?"

"እንደ ሸራው ጊዜ።"

"እኔ የማወራው ስለ አስፋልት ነው" አለ ጀማነህ፤ ፊቱን አዞረ።

ሲያዞር ጋሼ ሀይሉን አየ። ሽማግሌው አሁንም ቆመዋል፤ አንድ እጃቸው አርሴማ ትከሻ ላይ፣ ሌላው አንድርያስ ክንድ ላይ። ልጆቹ በሁለት በኩል ደግፈዋቸው ሳይነጋገሩ ሚዛን ይጠብቃሉ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ይጠጋል። ጀማነህ ይህን ትንሽ ጊዜ ተመለከተ። ሊናገር የፈለገው ረዥም ነገር ነበረው፤ ስለ ክብር፣ ስለ ሰበካ ጉባኤ፣ ስለ ብዙ ነገር። ከአፉ የወጣው ግን ይህ ነው።

"ጋሼ ሀይሉ፣ ይቀመጡ እንጂ።"

ጋሼ ሀይሉ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ቸር ያሰማዎት" ብለው፣ የጨው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አቶ ማዘንጊያም ተከትለው ተቀመጡ።

"ዌይት፣ ኢዝ ዛት ኤ ዬስ?" አለች አርሴማ።

መልሱን የሰጠችው ማንያህልሻል ነች፤ በእልልታ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የአንዲት ሴት እልልታ የሠላሳ ሴት ሆኖ ተመለሰ። ከሱቁ በኩል ሊንዳ የሚያስተነፍሰውን ሳጥን ከፍታ እየሮጠች መጣች፤ የሞተ ሰው አለመኖሩን ለማስረዳት አንድርያስ ብዙ ደከመ። መብራቱም ትንሽ ቆይቶ መጣ፤ እንዲህ ያለ ነገር ምንጊዜም ካለቀ በኋላ ነው የሚስተካከለው።

ወደ ኮለምበስ ሲመለሱ ማንያህልሻል መንገድ ዳር ማረፊያ ላይ አስቆመችና የመኪናውን ኋላ ከፈተች። ለሦስት ሰው የያዘችው ስንቅ ሁለት ትልልቅ ኩለር ሞልቷል፤ ሁሉም የጾም። የወረቀት ሳሕኑ፣ ሹካው፣ ውኃው ለሁለቱም መኪና ሰው ተሰልቶ የተጫነ ነው። ጀማነህ ሳሕኖቹን አየ፣ ሚስቱን አየ።

"መቼ ነው ይህን ሁሉ የሠራሽው?"

"ብላ" አለችው።

በላ። ዘካርያስም ከጠረጴዛው ማዶ፣ ማንም ሳይጋብዘው፣ ሁለት ጊዜ አስጨመረ።

በማግስቱ ዘካርያስ በአስፋልቶቹ ግቢ ከቅዳሴ በኋላ ታሪኩን ተረከ። በትረካው ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጀማነህ ነው፤ ያዳነው ዘካርያስ። ወሬው የትራፊክ መብራቱን ተሻግሮ ጠጠሮቹ ጋ እስኪደርስ ቡና አልፈላም። ጀማነህ ተናደደ፣ ሊደውልለት ሞከረ፣ ሊሄድበትም ተነሳ። ማንያህልሻል ግን እጁን ያዘችው። "የልጅህ አማት ነው እንግዲህ" አለችው። "ከእንግዲህ ተጣልተህ የትም አትደርስም።"