ሀሚዳ አንዴ ብቻ ተጠየቀች

የዒድ ዕለት ከአጅማን ወደ ሻርጃ በአውቶቡስ መሄድ ለጠላትም አይመኙት። መቆሚያ እንኳ አልነበረም። ሕዝቡ አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ ሽቶውን ተርከፍክፎ፣ ክርኑን ጎኔ ላይ ተክሎ ቆሟል። እኔ ደግሞ ረመዳንን ሙሉ ዱባይ ውስጥ በአንድ ሆቴል ላውንደሪ አንሶላ ስተኩስ የከረምኩ ሰው ነኝ። ወገቤ እንደ አሮጌ በር ሆኗል፣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ይንቋቋል። «ዒድ ሙባረክ» ሲሉኝ እንኳ መልሱ የሚወጣልኝ በግድ ነበር።

ቢሆንም መሄድ ነበረብኝ። ቪዛዬ ኸላስ፣ አልቋል፤ በማግስቱ ወደ አገሬ እገባለሁ፣ አልመለስም። ታናሽ እህቴ ሀሚዳ ግን እዚሁ ትቀራለች። ሻርጃ፣ አል መጃዝ፣ ሐይቁን ቁልቁል ከሚያዩት ፎቆች በአንዱ፣ የዮርዳኖስ ሰዎች ቤት ነው የምትሠራው። የእሷ እረፍትና የእኔ እረፍት ተገናኝተው ስለማያውቁ የምንጠያየቀው በስልክ ነው። ሳላያት ከሄድኩ እንግዲህ መቼ እንደምንገናኝ አላህ ነው የሚያውቀው።

እውነቱን ልናገርና ናፍቆቱ ብቻ አልነበረም የጨነቀኝ። ሀሚዳን ብቻዋን ጥያት መሄዱ ነው ሆዴን የሚበላኝ። ሲርባት ጠግቤያለሁ፣ ሲያማት ደህና ነኝ የምትል ልጅ ናት። እኔ እዚህ ሳለሁ ድምጿን ስሰማ አውቅባታለሁ። ከነገ በኋላ ማን ያውቅባታል?

በዋዜማው የሆነውን ስሙልኝ። ማዳሟ ወጥ ቤት ገብታ፣ «ሀሚዳ፣ ነገ ወጥተሽ እህትሽን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብላ ጠየቀቻት። እንዲህ ያለ ጥያቄ በስንት ዘመን አንዴ ነው የሚመጣው። የእኔ እህት ምን ብትል ጥሩ ነው? «አይ ማዳም፣ ችግር የለም፣ እንግዳ ይመጣብሻል።» ማዳሟም «ጥሩ» ብላ ወጣች።

ደውላ ስትነግረኝ ድምጿ ሞቷል።

«ለምን አይ አልሽ?» አልኳት።

«እንዴ እታለም! ገና አንዴ ሲጠይቁሽ እሺ ይባላል እንዴ? ትደግመዋለች ብዬ ነዋ።»

«ደገመችው?»

«ሩዝ ዘፍዝፊ ነው ያለችኝ።»

እኛ ቤት ያደገ ሰው ሌላ አያውቅም። ወሎ፣ ገርባ ላይ፣ ጎረቤት «እንብላ» ሲልህ «ብሉ» ትላለህ። «በአላህ» ሲልህ «አሁን በላሁ» ትላለህ። እጅህን ጎትቶ ሲያስቀምጥህ ነው የምትበላው። አንዴ ሲጠሩት ዘሎ ገበታ የሚቀርብ ሰው አሳዳጊ የበደለው ይባላል። ማዳሟም ብትሆን ወጉ አይጠፋትም፤ እንግዶቿን «ዋላሂ ሳትበሉ አትሄዱም» እያለች ስትለምን እንደምትውል ከሀሚዳ ሰምቻለሁ። ያ ግን ለእንግዳ ነው። ሠራተኛ የሚጠየቀው አንዴ ነው።

አጅማን፣ አል ጁርፍ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ቤድ ስፔስ፣ አልጋ አልጋ ብቻ፣ ተከራይተን አብረን የምንኖረው ጥሩወርቅ ይህን ስነግራት ሳቀችና፣ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አለች። «ለእኔ ከምትተርቺ ለእሷ ንገሪልኝ» ብዬ ተቆጣኋት። የሰሞኑ ሥራዬ መቆጣት ነበር።

በዒዱ ጠዋት ሀሚዳ በድምፅ መልእክት እንዲህ አለችኝ፦ «እታለም፣ ከአስር ሰላት በኋላ እንግዳ ቀለል ሲል ልጆቹን ይዘን ሐይቁ ዳር እንወርዳለን። እዚያ ከሆንሽ ከሩቅም ቢሆን አይሻለሁ።» ከሩቅም ቢሆን የምትለዋ ናት ያናደደችኝ። የእናቴን ልጅ እንደ ዒድ ጨረቃ አንጋጥጬ ላያት ነው?

ሐይቁ ዳር ስደርስ መሬቱ አይታይም። ሣሩ ላይ ምንጣፍ ያላነጠፈ እኔ ብቻ ነኝ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አንዱ የልጅ ጋሪ እግሬን ረግጦኝ ሄደ፣ ይቅርታ የጠየቀችኝ ጋሪው ውስጥ ያለችው ሕፃን ናት፣ ፈገግ ብላ። በመከራ ከውሃው ጠርዝ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ አገኘሁና ቁጭ አልኩ።

ሀሚዳ ስለዚህ ቦታ ሁሌ ታወራልኛለች። «ዛሬ ሐይቁ ላይ ነጫጭ ወፎች ተሰልፈው ነበር»፣ «ዛሬ ፎቅ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ መስኮት የሚያጥብ ሰውዬ ሲዘፍን ሰማሁት»። እኔም «ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ፣ እኔ የማየው አንሶላ ነው» እላት ነበር። ዛሬ የሚተኮስ አንሶላ የለም። ከማየት በቀር የምሠራው ጠፋኝ።

ጥቂት ፓኪስታናውያን ጎልማሶች፣ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ የሚመስል ሰማያዊ ልብስ ለብሰው ተራ በተራ ፎቶ ይነሳሉ። የፀሐይ መነጽር ያለው አንዱ ብቻ ነው። ተራ የደረሰው መነጽሩን ያደርግና ደረቱን ነፍቶ ይነሳል፤ ሲጨርስ በቀሚሱ ጫፍ ጠርጎ ለሚቀጥለው ያቀብላል። ለሚስቱ ያለ መነጽር ፎቶ የሚልክ የለም። ሳልፈልግ ሳቅሁ። ወዲያ ማዶ አንዲት ሕፃን አባቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወስዷት አንድ ጫማዋ ወደቀ። አባትየው አላወቀም። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሀል አንድ ሽማግሌ አነሱትና፣ እንዳትነቃ ተጠንቅቀው እግሯ ላይ አጥልቀውላት ምንም ሳይናገሩ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ውሃው ደግሞ ፀሐዩን ይዞ የሻይ ቀለም መስሏል።

ያማረ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን ከአጠገቡ ኖሬ፣ ልሄድ ስል ነው ያየሁት። ደስ አለኝ፣ ደግሞም ከፋኝ፣ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም።

ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ ሀሚዳ የለችም። ብደውል አታነሳም። ሌላ እንግዳ መጥቶባቸው ይሆናል። ወገቤም በቃኝ አለ። ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል፣ በሰው መሀል የልጅ ጋሪ እየገፋች ስትመጣ አየኋት። ከስታለች። ከጎኗ ማዳሟ ትልቁን ልጅ በእጇ ይዛለች።

ከሩቅ ልንተያይ ነበር ቀጠሯችን። ሀሚዳ ግን ጋሪውን ለቀቀችውና ወደ እኔ ሮጠች፤ ማዳሟ ለጥቂት ያዘችው። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ትከሻ ለትከሻ ስንሳሳም ሰዉ ዞሮን ያልፋል። እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ አልሃምዱሊላህ።»

አላመንኳትም።

ማዳሟ ደረሰችብን። «እህትሽ ናት?» አለቻት በአረብኛ።

«አዎ ማዳም። ነገ አገሯ ትገባለች፣ ኸላስ።»

«ነገ? ለምን አልነገርሽኝም?» ሀሚዳ አቀረቀረች። ማዳሟ ወደ እኔ ዞረች። «እንግዶቹ ሄደዋል። ከእኛ ጋር ነይ፣ እራት ብዪ፣ ከእህትሽ ጋር አምሺ።»

«አይ፣ አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩ።

በአላህ እምላለሁ፣ አፌ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሀሚዳን ስረግምበት የዋልኩትን ቃል ራሴ አወጣሁት። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት ይህን ነው። ማዳሟም «ጥሩ፣ በሰላም ግቢ» አለችኝና ዞረች። «ያላ ሀሚዳ።»

ሀሚዳ አልተንቀሳቀሰችም። የጋሪውን እጀታ ከማዳሟ ተቀብላ ጨበጠች።

«ማዳም፣ እህቴ አልበላችም። ትዋሻለች» አለች። «እኔም ትናንት ዋሽቼሻለሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አይ አልሽኝ?»

«እንድትደግሚልኝ ነዋ። እንግዶችሽን ደጋግመሽ ነው የምትለምኚያቸው፣ ቡና እያቀረብኩ ስሰማሽ ነው የዋልኩት። እሷንም እንደ እንግዳሽ ጠይቂያት።»

በቃ፣ ሥራዋን አጣች፤ እኔ ነገ አውሮፕላን ላይ ስወጣ እሷ ኤጀንሲ ወለል ላይ ልትተኛ ነው አልኩ። ማዳሟ ሀሚዳን ገና ዛሬ ቤቷ እንደመጣች ሰው አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ዋላሂ ከእኛ ጋር ትወጫለሽ» አለች።

የእኔ አፍ መቼ ያርፋል፣ «አይ፣ ላላስቸግራችሁ» አልኩ።

ማዳሟ ግራ ተጋብታ ወደ ሀሚዳ ዞረች። «አሁንስ?»

«አንዴ ይቀርሻል» አለች ሀሚዳ።

ማዳሟ ሳቀችና መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። ሳትጠይቀኝ እሺ አልኩ።

ወደ ፎቁ ስንሄድ ሀሚዳ ጋሪውን እየገፋች ቀደመች፤ ያን ሁሉ ሰው ጮክ ብላ «መንገድ፣ መንገድ» እያለች በአረብኛ ታስለቅቃለች፣ ሰዉም ይለቅላታል። ከኋላዋ እየተከተልኩ አለቀስኩ። ነገ ጥያት መሄድ እንደምችል ያወቅሁት ያኔ ነው።