ከውርጭ በኋላ የተገፈፈው ዘንባባ

በእኛ መንደር ሴት ልጅ ስትወለድ ከቤቱ ጀርባ ዘንባባ ይተከልላታል። መንደራችን በቺንሊንግ ተራሮች ደቡባዊ ጎን ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከእኛ በላይ ዘንባባ የሚባል አይበቅልም፤ እኛ ጋ የሚበቅለውም እየተለመነ ነው። ግንዱ በየዓመቱ ፀጉራም ልባስ ያወጣል። ያ ልባስ ይገፈፋል፣ ቃጫው ገመድ ይሆናል፣ ልጅቱ ስትዳር የሙሽራ አልጋዋ በዚያ ገመድ ይጠለፋል። አልጋ ሳትይዝ የሄደች ሙሽራ ዕድሜ ልኳን "ሳንቃ ወገብ" እየተባለች ትኖራለች። እኔ እንደዚያ እየተባልኩ ስለኖርኩ የምናገረውን አውቃለሁ።

የእኔን ዛፍ የተከለችው እናቴ ናት። ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ሞተች። ከእሷ የቀረልኝ ያ ዛፍና አንድ የጥጥ ኮት ብቻ ነበር። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በየዓመቱ የውርጭ መውረጃ ቀን ሲደርስ ዛፉን የማለብሰው ራሴ ነበርኩ። ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስቤ አስራለሁ፣ ግንዱን በደረቀ የሩዝ ገለባ እጠቀልላለሁ፣ አናቱ ላይ የገለባ ቆብ እደፋለሁ። ገለባው እርጥብ ከሆነ ዛፉ ታፍኖ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ እያንዳንዷን ዘለላ በጉንጬ እየነካሁ ነበር የምመርጠው። ጎረቤቶች "ዩንሺ ዛፏን እንደ ሕፃን ታቅፈዋለች" ብለው ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የእነሱ ልጆች እናት ነበራቸው።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበረን። ከውርጭ መውረጃ ቀን በኋላ ቢላ ዘንባባ አይነካም። ያ ፀጉራም ልባስ የዛፉ የራሱ ካፖርት ነውና፣ በብርድ ዋዜማ የገፈፈው ሰው ገደለው ማለት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በመንደሩ አልነበረም። አባቴም ያውቃል።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ማ ለሚባል ቤተሰብ ልጅ ታጨሁ። በዚያው ዓመት ታላቅ ወንድሜ ጓንግሌይ ከታችኛው ሸለቆ ዋንፌን የምትባል ልጅ አጨ። እኛ ዘንድ አልጋ ይዛ የምትመጣው ሙሽራዋ ናት፤ የታች ሰዎች ግን አልጋውን ከወንዱ ቤት ይጠብቃሉ። የዋንፌን ቤተሰቦች "አልጋ ከሌለ ልጅ የለም" ብለው ላኩ። ጓንግሌይ ሠላሳ ሊደፍን ነው። አባቴ ወደ ጓዳ ገብቶ የአሥር ዓመት ቃጫዬን ተሸክሞ ወጣ።

"አባባ፣ የኔ እኮ ነው።"

"አንቺ ገና ነሽ። ዛፉ እንደሆነ የትም አይሄድ፣ ቆሞ ያበቅልልሻል።"

ጓንግሌይ ከደጃፍ ተቀምጦ ትምባሆውን እያቦነነ ሳቀ። "ምን ያስለቅስሻል? የማ ቤቱ ልጅ አንቺን ካገኘ ጭራሮ ላይም ይተኛል!"

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ሞኟ እኔ ነበርኩ፤ ሄጄ ገመዱን አብሬያቸው ገመድኩ።

አልጋው ተጠልፎ ሊያልቅ ሲል ሁለት ስንዝር ጎደለው። ጊዜው አሥራ አንደኛው ወር ነበር። አባቴ መሰላል አቁሞ፣ ያለበስኩትን ገለባ ፈቶ ጥሎ፣ ቆልማማ ቢላውን ይዞ ዛፌ ላይ ወጣ። ሮጬ መሰላሉን ያዝኩ።

"አባባ ውረድ! ውርጭ ከወረደ ሃምሳ ቀን ሆኖታል እኮ!"

"ገለባውን መልሰሽ ትደርቢበታለሽ። ገለባና ልባስ ምን ለያቸው?"

"ያንተን ቆዳ ገፈን ጭድ ብናለብስህ ትሞቃለህ?"

"ምላስሽን ለአማትሽ ቆጥቢው" አለኝና ቢላውን ሰደደ። ዘጠኝ ልባስ ገፈፈ። ግንዱ ነጭ ሆኖ ቀረ። እኔ ሥሩ ቆሜ የወንድሜ አልጋ ሁለት ስንዝር ሲሞላ አየሁ። የማን ቤት ጠፍቶ የማን ሊበጅ!

በዚያ ዓመት የመጣው ብርድ ቀርከሃ እየሰነጠቀ የሚያፈነዳ ነበር። የውሃ ጋናችን ለሁለት ተከፈለ። ዛፌን ገለባ ደረብኩለት፣ አሮጌ ጆንያ ደረብኩለት፣ በመጨረሻ የእናቴን የጥጥ ኮት አውልቄ ግንዱን በሱ ጠቀለልኩና እጅጌዎቹን ቋጠርኳቸው። ዋንፌን ሙሽራ ሆና ስትገባ ሰው ሁሉ አልጋውን እየዳሰሰ አደነቀ። እኔ ወጥ ቤት ስጋ እየከተፍኩ ስለ ዛፌ አስብ ነበር። ቢሞት ማ ቤቶች ይተዉኛል፤ ዛፏ የሞተባትን ልጅ ደግሞ ሌላ የሚያገባት የለም።

የነፍሳት መንቂያ ቀን ደረሰ። የዓመቱ የመጀመሪያ ነጎድጓድ ከመሬት በታች የተኙትን ነፍሳት፣ ትሉንና ጥንዚዛውን፣ ይቀሰቅሳል በምንልበት ቀን የሁሉም ዛፍ ገለባ ይፈታል። መሰላል ላይ ስወጣ የገለባው ቆብ ዘመም ብሎ አገኘሁት። ነፋስ ነው ብዬ አለፍኩት። ኮቱን ፈታሁ፣ ቅጠሎቹን ለቀቅኳቸው፤ አረንጓዴ ናቸው! አባቴ ከታች ጮኸ።

"አየሽ? ስንት ቀን አለቀስሽብኝ! ይኸው፣ ጎመን መስሏል!"

ደስታዬ ግን ሙሉ አልነበረም። ዘንባባ ሞቶም ለወራት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆም ይችላል። የሚጠየቀው ልቡ ነው። ከአናቱ መሃል ገና ያልተዘረጋ ቅጠል ይወጣል፣ እሱን ልብ እንለዋለን፤ ሲስቡት ከጸና ዛፉ በሕይወት አለ። ያዝ አድርጌ ሳብ አደረግኩት። ከሊጥ እንደሚወጣ ማንኪያ እጄ ላይ ቀረ። ጫፉ ነጭ ነበር፣ ላሽቋል፣ ሽታው የከረመ ጎመን ነው።

በዚያች ቅጽበት የግቢው በር ተንኳኳ። የእጮኛዬ እናት እትዬ ማ ናቸው። ልቡን ወደ ነበረበት መልሼ ሰካሁት።

እትዬ ማ ሻይም አልቀመሱ። በቀጥታ ወደ ዛፉ መጥተው አባቴን ጠየቁት። "አያ ዱዋን፣ አልጋዋን ለወንድሟ ሰጣችሁ አሉ። እሺ፣ የቤታችሁ ጉዳይ ነው። ዛፉ አለ ወይ?"

"ይኸው ቆሟል፣ እትዬ። በዓመት አሥራ ሁለት ልባስ እልክልዎታለሁ፣ አልጋው እስኪሞላ።"

"ቅጠል አያታልለኝም። ልቡስ?"

"ዛሬ ጠዋት ራሴ ሳብኩት" አለ አባቴ፣ ዓይኑን ሳያርገበግብ። "እንደ ችካል ነው።"

እትዬ ማ ቀና ብለው አዩኝ። "አንቺስ ልጄ? ሳብሽው?"

መሰላሉ ላይ ሆኜ ወንድሜን አየሁት፤ አዲስ ሚስቱን ከጎኑ አቁሞ ፈገግ ብሏል። "ጸንቷል፣ እትዬ" አልኩ።

"በይ ውረጂና እጅሽን ስጪኝ" አሉኝ፣ ከብብታቸው የብር አምባር እያወጡ። እኛ ዘንድ አማት አምባሩን የምታጠልቀው የልጅቱን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ፣ "የቤቴ ልጅ" ብላ ነው። እጄን ልዘረጋ ስል አባቴ መሃል ገባ።

"ዩንሺ፣ እጅሽን ታጥበሽ ነይ። በአመድ እሺው። በደንብ።"

ድምፁ የተለሳለሰ ነበር፤ ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ አድርጎ አናግሮኝ አያውቅም። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ እጄ እንደሚሸት ያወቀው የሱም እጅ ስለሸተተ ነው። ሳብኩት ያለው እውነቱን ነው። ቆቡን ያዘመመው ነፋስ አይደለም። እንዲያ በቀላሉ የወጣልኝም እሱ ቀድሞ ነቅሎ መልሶ ስለሰካው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በአመድ ታጠብኩ፣ መጥቼ እጄን ሰጠሁ፣ እትዬ ማም አሽትተው "የቤቴ ልጅ" አሉ። የወሩ መጨረሻ ላይ ያለ አልጋ ተዳርኩ።

በአምስተኛው ወር ዛፉ ቡናማ ሆነ አሉኝ፤ እኔ ሄጄ አላየሁትም። በስድስተኛው ወር እትዬ ማ የመጀመሪያውን ቃጫ ጠየቁ። አባቴ አንድ እስር ላከ። አማቴ ፈቱት፣ አሸተቱት፣ ከዚያ ጮኹ።

"ይሄ የሰው ጀርባ ነው የሚሸተው! የጭስና የላብ ቃጫ! ይኸው የመርፌ ቀዳዳው! የሞተ ዛፍ ድራችሁልኝ ደግሞ ገሳችሁን ተርትራችሁ ትልካላችሁ?"

ገሳውን አወቅኩት። አባቴ ዝናብ ሲዘንብ ማሳ ላይ የሚለብሰው ነበር፤ ከዘንባባ ቃጫ የሰፋችለት እናቴ ናት። አማቴ ቃጫውን በበሩ ላይ ሦስት ቀን ሰቀሉት። ያለፈ ያገደመው ሁሉ "ምንድን ነው?" ይላል፣ እሳቸውም "ምራቴ ይዛው የመጣችው አልጋ" ይላሉ። ባሌ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። እኔ ሳንቃ ላይ ተኛሁ።

በውርጭ መውረጃ ቀን አባቴ ራሱ መጣ። ያካፋ ነበር። ገሳ ስለሌለው የማዳበሪያ ከረጢት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ውጭ ቆመ። ግባ አላልኩትም።

"ዋንፌን ሴት ልጅ ወለደች" አለ። "ዘንባባ ተክያለሁ። ጨቅላ ስለሆነ ብርዱን ብቻውን አይችለውም። አጠቃለሉን የምታውቂው ደግሞ አንቺ ነሽ።"

"መግፈፉን የሚያውቀውስ?"

ውሃው ከቅንድቡ እየወረደ ቆሞ ጠበቀ። ተናድጄ ነበር፤ ቆሽቴ አርሮ ነበር። ሕፃኗ ግን ምን አደረገችኝ? ሄድኩ።

ገለባውን በጉንጬ እየነካሁ መረጥኩ። የጉልበቴን ያህል እንኳ የማይሞላውን ችግኝ ጠቀለልኩት፣ ቆብ ደፋሁለት። አንድ ሙሉ እስር ደረቅ ገለባ ተረፈ። አባቴ አጠገቤ ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ከረጢቱ ተቀዶ ጀርባው ርሷል፤ ገለባውን አየት አደረገና ዓይኑን መለሰ። ትከሻው ላይ ላስርለት እችል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ገለባውን ዛፉ ሥር ከመርኩት።

"ከዛሬ በኋላ ቢላ እንዳይነካው" አልኩና ወደ ማ ቤት ተመለስኩ።

አባቴ በዚያው ሰሞን ሳል ጀመረው፤ የነፍሳት መንቂያ ቀን ሳይደርስ ሞተ። ዛፉ ግን አለ፣ ከጣሪያው አልፏል። የወንድሜ ልጅ አልጋዋን ይዛ ከተዳረች ብዙ ዓመት ሆናት። የሄድኩ ቀን ሁሉ "አክስቴ፣ እስኪ ጋደም በይበት፣ ያንቺ እጅ ነው እኮ ያቆመው" ትለኛለች። ጀርባዬ ሳንቃ ለምዷል እላታለሁ።