መድኃኒት ያልወሰዱት አይጦች

«ልቀቂ በቃ!» አለች ተመራማሪዋ፣ የአሮጊቷን አይጥ ጭራ ወደ ኋላ እየሳበች።

አይጧ ግን በፊት እግሮቿ የጉልበት መለኪያውን ሽቦ ሙጭጭ አድርጋ ያዘች። የመለኪያው ቁጥር ወደ ላይ ወጣ። ይህቺ አይጥ ጡንቻን ከእርጅና ይጠብቃል የተባለውን መድኃኒት አልወሰደችም። ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆኗታል፤ በአይጥ ዕድሜ ባልቴት ናት። ጡንቻዋ ሟሽሾ ሽቦውን ቶሎ መልቀቅ ነበረባት። መድኃኒቱን የወሰዱት እኩዮቿ ግን ከእሷ በምንም አልተሻሉም።

ተመራማሪዋ እነዚህ አይጦች እስኪያረጁ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ጓደኞቿ ሲያገቡ፣ ሲወልዱ፣ እሷ የአይጥ ልደት ትቆጥር ነበር። አባቷ ከወንበር ለመነሳት ሰው መጥራት ከጀመሩ ከራርመዋል። ትናንትም «ያ መድኃኒትሽ ይደርስልኛል ወይስ ልቅደመው?» ብለው ቀልደውባት ነበር። አልሳቀችም።

«ምኑ ጋ ነው የተበላሸው?» ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

የአይጦቹን ሳጥኖች የሚያጸዱት ሽማግሌ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። የግቢው ሰው «የአይጦች አባት» ይላቸዋል።

«ምን አጠፉ እነሱ፣ ልጄ?»

«መድኃኒት ያልወሰዱት መድከም ነበረባቸው፣ አባባ!»

«በግራ በኩል ያሉት?» ሽማግሌው ትንሽ አመነቱ። «እኔ እኮ አሳዘኑኝ። ወዲያኞቹ መድኃኒት አላቸው፤ እነዚህ ምን አላቸው? መጋዘን ውስጥ የተጣሉ የአይጥ መሮጫ መሽከርከሪያዎች አገኘሁና ጠዋት ጠዋት አስገባላቸውና አንቺ ሳትመጪ መልሼ አነሳለሁ። ሲሮጡ ብታዪያቸው!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሰባት ወር ቢሆን ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ስፖርት ሲያሠሯቸው ነበር!» ብላ ጮኸች። «ሰባት ወር ሙሉ!»

ሽማግሌው ኮፍያቸውን አውልቀው እንደተቀጣ ተማሪ ቆሙ። ጡረታ ለመውጣት የቀራቸው አራት ወር ብቻ ነው።

ለኃላፊዋ ስልክ ደወለች። ኃላፊዋ ወሬዋን እንኳ አላስጨረሰቻትም።

«የግራዎቹን ከመዝገብ አውጪያቸው። ታመው ሞቱ በይ።»

«አልሞቱም እኮ።»

«እንግዲያው ሰውየውን ክሰሺና ጥፋቱ ከእኛ ላይ ይውረድ። ሁለት ዓመት ገደል ይግባ ነው የምትይው?»

«ገብቷል እኮ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

በኃላፊዋ ተናደደች፣ በሽማግሌው ተናደደች። ከሁሉ የባሰባት ግን የራሷ ነገር ነበር። በሰባት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ በማለዳ መጥታ አላየችም፤ በየወሩ ግን «ተመልክቻለሁ» ብላ ፈርማለች።

መዝገቡን ገለጠች። «መድኃኒት ያልወሰዱት አይጦች ለሰባት ወር በመሽከርከሪያ ሮጠዋል። ጉልበታቸው መድኃኒት ከወሰዱት አላነሰም» ብላ ጻፈች። «ኃላፊነቱን የሚወስድ» ከሚለው ፊት ለፊት የራሷን ስም አሰፈረች።

ሽማግሌው አንገታቸውን አስግገው አነበቡ። «የእኔስ ስም?»

መዝገቡን ዘጋችው። ንዴቷ አልበረደም።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚያስሮጧቸው?» አለች በመጨረሻ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ።»

«እኔ ሳልመጣ እንዳይጀምሩ።»