የቀለጡት ፊደላት

በተራራው ግርጌ ባለችው የሚሲዮን ከተማ ሴፊሪን የማያውቅ አልነበረም። ገና ጢም ሳያወጣ ማተሚያ ቤቱ ገብቶ ፊደል ለቃሚ ሆነ። የሶቶ ሕዝብ የሚዘምረው መዝሙር፣ ልጆቹ ማንበብ የተማሩበት መጽሐፍ ሁሉ ሆሄ በሆሄ በጣቶቹ መሃል አልፏል። ኮምፒዩተር መጥቶ ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ቤተ ክርስቲያኒቱ አሮጌውን ቤት ሙዚየም አደረገችው፤ ሴፊሪንም ጠባቂ። የብረት ማተሚያዎቹን ዘይት ይቀባል፣ ጠራዦች መጽሐፍ ይሰፉባቸው የነበሩትን የእንጨት ማዕቀፎች ይወለውላል፣ እንግዳ ከመጣ ደግሞ አንድ የእርሳስ ፊደል ከመሳቢያ አውጥቶ መዳፉ ላይ ያኖርለታል።

«እስቲ ክብደቱን እየው፤ በኛ ጊዜ ወሬ እንዲህ ይመዝን ነበር» ይላል።

እንግዳ ግን ብርቅ ነበር። ክረምቱ ገብቶ ተራራው በረዶ ሲለብስ፣ ሳምንቱን ሙሉ በሩን የሚያንኳኳው ነፋስ ብቻ ነው።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቀረችው ታካኔ የምትባል አንዲት ልጁ ናት። ታካኔ ማሴሩ ከተማ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሱሪ ትሰፋለች፤ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ትሄድና ቅዳሜ ቀትር ላይ ትመለሳለች። ባሏ ማሩፒንግ ወጣትነቱን ደቡብ አፍሪካ የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ጨርሶ፣ ጉድጓዱ ሲዘጋ ሳሉን ይዞ አገሩ ገባ። ልጃቸውን ፑሌንግን ሳምንቱን የሚጠብቃት እሱ ነበር። ፑሌንግ አራት ዓመቷ ነው። አፏ አያርፍም፤ ዶሮውንም በጉንም አያቷንም በእኩል ትቆጣለች።

ማሩፒንግን የሚያንገበግበው ሚስት ሠርታ የምታበላው መባሉ ነበር። ጠላ ቤት ብቅ ካለ ጓደኞቹ እንደ ባልቴት «እሜ ማሩፒንግ» እያሉ ይቀበሉታል። «እሜ ማሩፒንግ፣ ገንፎው ደረሰ? ልጅቷስ ተኛችልዎ?» እሱም ይስቅላቸዋል፤ ቤቱ ሲመለስ ግን ውሻውን በእርግጫ ይለዋል።

ሴፊሪ አዘነለትና የቤተ ክርስቲያኒቱን ሽማግሌዎች ለምኖ የሙዚየሙን ጣሪያ እንዲጠግን አስቀጠረው። ጣሪያው ተጠግኖ አለቀ፤ ማሩፒንግ ግን ልጁን አስከትሎ መምጣቱን አልተወም። «እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ላግዝዎ ብዬ ነው፣ ንታቴ» ይላል፤ አባቱን እንደሚጠራ ሰው አንገቱን ደፋ አድርጎ።

አንድ ቀን ተማሪዎች መጡ። ሴፊሪ ሊያሳያቸው ጎንበስ ብሎ አንዱን የታች መሳቢያ ሳበ። ክብደቱ ያው ነው፤ ድምፁ ግን ሌላ ሆነበት። ጣቱን ሰደድ ቢያደርግ ከላይ የተነጠፈው ስስ የፊደል ንጣፍ ነው፤ ከሥሩ የወንዝ ጠጠር። መሳቢያውን መልሶ ዘጋና ልጆቹን ወደ ማተሚያው ይዟቸው ሄደ። እጀታውን እየሳቡ ሲሳሳቁ እሱ ዓይኑ ወደዚያው መሳቢያ ይመለስ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማሩፒንግን የሙዚየሙን ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘው፤ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ጎተራው ውስጥ አይጥ ገብታለች» አለው።

ማሩፒንግ ዞሮ አላየውም። «አይጥም ልጅ ታሳድጋለች፣ ንታቴ።»

«ጎተራው ባዶ ሲሆንስ ምን ልትበላ ነው?»

«እሱን ያኔ ታስብበታለች።» ቀጥሎም፣ «ደግሞ ማን ሊያነብበት ነው? እርስዎ እኮ ከሙታን ጋር ነው የሚውሉት» አለ።

ሴፊሪ ተነሥቶ ወደ ሙዚየሙ ገባ። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ታካኔ ስትመጣ ፑሌንግ አዲስ ጫማ አድርጋ ጠበቀቻት። ታካኔ ፊቷ በርቶ፣ «ማሩፒንግ እኮ ሥራ ያዘ፣ ንታቴ፤ ብረታ ብረት ይነግዳል» አለችው። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላያትም ነበር። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተወው። መተው ብቻም አይደለም፤ በማግሥቱ የቀሩትን ፊደላት ሰብስቦ ሰው በሚያያቸው የላይ መሳቢያዎች ደረደራቸው፤ ጠጠሩን ሁሉ ከታች አጠራቀመው።

ያላወቀው ሌላ ነገር ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለው የብረታ ብረት ነጋዴ ፊደሉን እንዳለ አልገዛም ብሏል። «ይሄን ፖሊስ ቆሞ ያነበዋል፤ አቅልጠህ አምጣው» ብሎ ማሩፒንግን መለሰው። ማሩፒንግም የማዕድ ቤቱን ጎጆ በር ዘግቶ፣ በኩበት እሳት ላይ አሮጌ ድስት ጥዶ ያቀልጥ ጀመር። ውጭው በረዶ ነው፤ ሙቀት ያለው እዚያ ጎጆ ውስጥ ብቻ ነው። ፑሌንግ ከእሳቱ ዳር አትጠፋም። ከከረጢቱ የተንጠባጠበውን ፊደል እየለቀመች ትደረድራለች፤ ሲሰለቻት እንደ ከረሜላ ታላምጠዋለች።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሆዷን ያማት ጀመር። ማሩፒንግ ብርድ ነው አለ። ጎረቤት ወስፋት ነው ብሎ መራራ ሥር ቀቅሎ አጠጣት። ፓፓውን፣ ያን የምትወደውን የበቆሎ ገንፎ፣ እምቢ አለች። ሴፊሪ በብርድ ልብስ አዝሎ በፀሐይ ሲያንሸራሽራት፣ ከጀርባው ያ ሁሉ ወሬ የለም። ዶሮዋን እያየች «ዶሮ» የሚለው ቃል ይጠፋባታል። አንድ ጊዜ «ያቺ... ያቺ...» ብላ አለቀሰች።

ቅዳሜ ታካኔ ዳቦ ይዛ ከታክሲ ወረደች። ፑሌንግ ልትቀበላት ሁለት ሦስቴ ተራመደችና በፊቷ ወደቀች፤ ዓይኗ ተገለበጠ፣ እግርና እጇ ይንፈራገጥ ጀመር። ታክሲው ገና አልተነሣም ነበርና ሁሉም በዚያው ተጭነው ሆስፒታል ገቡ።

ዶክተሯ ብዙ ጠየቀች። በመጨረሻም፣ «ቤታችሁ አሮጌ ባትሪ አለ? የሚላላጥ ቀለም? እርሳስ የሚያቀልጥ ሰው?» አለች።

«የለም» አለ ማሩፒንግ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

ዶክተሯ የልጅቷን ከንፈር ገለጥ አድርጋ የእጅ ባትሪ አበራች። ሴፊሪ በትከሻዋ በኩል አየ። በድዷ ጠርዝ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ጠይም ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ሴፊሪ ጎልማሳ ሳለ በማተሚያ ቤቱ ያረጀ ፊደል የሚያቀልጥ ሰው ነበር። ድዱ እንዲህ ነበር። ኋላ አንጓው ዝሎ ማንኪያ ማንሳት ተስኖት ሞተ። ሴፊሪ የአልጋውን ብረት ያዘ።

«አለ» አለ። «እርሳስ አለ። ከሙዚየሙ የወጣ ፊደል ነው። የት እንደሚያደርሰው ግን አላውቅም።»

ማሩፒንግ ወለሉን እያየ፣ «ጎጆው ውስጥ ነው የማቀልጠው» አለ።

«ልጅቷስ የት ትሆናለች?» አለች ዶክተሯ።

«እሳቱ ጋ። ብርድ ነበር።»

ታካኔ ባሏን አላየችውም። የዞረችው ወደ አባቷ ነው። «ያውቁ ነበር?»

«መውሰዱን አውቅ ነበር፣ ልጄ። ማቅለጡን አላውቅም።»

«መውሰዱን ታውቅ ነበር» አለች። አፍ ከፈታች ጀምሮ አንቱ ያለችውን አባቷን አንተ ስትለው ድምጿ እንኳ ከፍ አላለም። «ሌባ መሆኑን እያወቅህ ልጄን ከሱ ጋር አስቀመጥካት። እኔ ስመጣ ትስቅልኝ ነበር። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ጫማዋን ሳይ... ደስ ብሎሽ ስላየሁ...» አለ።

ፑሌንግን በአምቡላንስ ድንበር አሻግረው ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴን ሆስፒታል ወሰዷት፤ እናቷ አብራት ሄደች። ማሩፒንግ ከሆስፒታሉ ደጃፍ በእግሩ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ከተፈረደበት በኋላ ሴፊሪ አንድ ጊዜ ሊጠይቀው እስር ቤት ወርዶ ነበር። ስለ አየሩና ስለ በጎቹ አወሩ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ተነሡ።

ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ሴፊሪ ራሱ ሄዶ ሁሉንም ነገራቸው፤ የራሱንም ድርሻ አልቀነሰም። መሳቢያዎቹ አንድ በአንድ ተጎተቱ፤ ጠጠሩ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። አብሯቸው የመጣው ወጣት ፓስተር ጎንበስ ብሎ በእጁ ያፍሰው ጀመር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለ። ሴፊሪ ቁልፉን አስረክቦ ወጣ፤ ሙዚየሙም ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

ብርዱ አልፎ ኮኩ ሲያብብ ፑሌንግ በሕይወት ተመለሰች። ግን አትናገርም። ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፤ መውደቁም አልተዋትም። ሐኪሞቹ ከጠፋው ጥቂቱ ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል ብለዋል።

ፋብሪካው ግን ታካኔን ከዚህ በላይ አልጠበቃትም። ካልሠራች አይበላም፤ ልጅቷን የሚይዝላት ሌላ ዘመድ የለም። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፑሌንግን አዝላ አባቷ ቤት ገባች። ሰላምታ አልሰጠችም። ልጅቷን አልጋው ላይ አስቀምጣ መድኃኒቱን ከራስጌዋ አኖረች፤ ተንበርክካም ለልጅቷ ትነግራት ጀመር።

«ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ነው የምትወስጂው። ሲጥልሽ በጎንሽ ያስተኙሻል፤ አፍሽ ውስጥ ምንም አይከቱም። እሳት አጠገብ አትቀመጪም። ገባሽ?»

«እሺ» አለ ሴፊሪ ከጀርባዋ።

ታካኔ ዞር አላለችም። ልጇን ግንባሯን ስማ፣ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ ወጣች።

ሴፊሪ ቀጠን ያለ ገንፎ ሠራ፤ እስኪበርድ አማሰለው። ፑሌንግ ከንፈሯን ገጥማ አየችው፤ ቆይታ ከፈተች። ያጎረሳት በአገጯ ወረደ። በእጁ ጀርባ ጠረገላትና ማንኪያውን እንደገና ሞላ።