ሰባት ቤት ሲቆጠር

ማንበብ የጀመርኩት ልጄን ካሳደግኩ በኋላ ነው። እዚህ በስደት አገር፣ ፋልከንሪጅ ከሚባለው ሰፈራችን አውቶቡስ ይዤ የጎልማሶች ክፍል እሄዳለሁ። በዚህ ወር የምናነበው ለጀማሪ የቀለለ የህንድ ልብ ወለድ ነው። ማክሰኞ ተራዬ ደረሰና አንድ ገጽ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። የመንገድ ጠራጊ ልጅ የሆነች ሴት ከባለርስቱ ቤት ውሃ ለመነች። ኩባያ አልሰጧትም። እጆቿን አጣምራ ዘረጋች፤ ከላይ አፈሰሱላት።

እዚያ ላይ ድምፄ ቆመ። አስተማሪዋ ቃሉ የከበደኝ መስሏት ልታግዘኝ ሞከረች። ቃሉ አልከበደኝም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። መንደሩ ድስቷንና ገንቦዋን ይገዛታል፤ ውሃ ስትጠይቅ ግን በእፍኟ ነበር የሚያፈሱላት። ያውም እሷው ከሠራችው ገንቦ ቀድተው።

ቤት ስደርስ ወንድሜ አምላኩ ደወለ። እሁድ ልጄን ኑሃሚንን ለምትወደው ልጅ ለያቤጽ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ዝምድና እንዳይኖር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ በእኛ በኩል የሚቆጥረው አምላኩ ነው።

«አባታችን ነጋዴ ነበር እላለሁ» አለኝ። «አንቺ ዝም በይ።»

«እውነቱን ብንናገርስ?»

«አብደሻል? ቡዳ ናቸው ብለው ሳይቀመጡ ይመለሳሉ። ልጅቷን ቤት ልታስቀሪያት ነው?»

አምላኩ ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ማንም አጠገቡ አይቀመጥም ነበር። እኔንም ፍርሃቱ ያዘኝ፤ ወጡን ሁለቴ ጨው አደረግኩበት።

ኑሃሚን ከሥራ ሺፍቷ ስትመለስ ግን ከመጽሐፉ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ማሚ፣ ያ እኮ ኢንዲያ ነው» ብላ ሳቀች። «እኛ ጋ ካስት ምናምን፣ ሰውን በዘሩ መናቅ የለም።»

«አለ። ስሙ ሌላ ነው።»

ሳቋን አቆመች። ካፖርቷን ሳታወልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«ትዳሩ ያንቺ ነው» አልኳት። «አጎትሽ እንዳለው ይሁን ካልሽ አፌን እዘጋለሁ።»

«ላይክ፣ ልጅ ብወልድስ? ስለ አያቴ ሲጠይቀኝ እሱንም ልዋሸው?» ተነሳች። «ንገሪያቸው። ያቤጽን እኔ አሁኑኑ ኮል አደርገዋለሁ።»

ደውላለት ከክፍሏ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። «እሱ ግድ የለውም» አለች። «እናቱን ግን ፈርቷል።»

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች በረዷቸውን እያራገፉ ገቡ። ዋናው ጋሼ ገብረመድኅን ናቸው። እሺ ካልተባሉ እንደማይቀመጡ ተናግረው ቆሙ። የያቤጽን ወገን ቆጠሩ። ተራው የእኛ ሆነ።

«አባታችን በንግድ የታወቀ...» ብሎ አምላኩ ጀመረ።

ከወጥ ቤቱ በር ወጣሁ። በእንዲህ ያለ ቦታ እናት አትናገርም።

«ይቅርታ፣ ጋሼ። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እናቴ ሸክላ ትሠራ ነበር። አያቴም እንደዚያው።»

«ኧረ እባክሽ!» አለ አምላኩ።

«ታዲያ ነጋዴው የማን አባት ነው?» አሉ አንዱ ሽማግሌ። ማንም አልሳቀም።

ጋሼ ገብረመድኅን ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። «ስሚኝ እሌኒ፣ ይህን ለልጁ እናት መንገር ይከብደኛል። ሌላ ቀን ብንመለስስ?»

«ሌላ ቀን ካሉ እንደማይመለሱ አውቃለሁ። እርስዎ አይቸገሩ፤ ይደውሉላቸውና ስልኩን ለእኔ ይስጡኝ።»

ኑሃሚን ከላይ ወርዳ አጠገቤ ቆመች። ጋሼ ደወሉና ስልኩን አቀበሉኝ።

«እትዬ ፀሐይነሽ፣ የኑሃሚን እናት ነኝ። ልጅዎ የመረጣት የሸክላ ሠሪና የብረት ቀጥቃጭ የልጅ ልጅ ናት። ከወሰዷት ማን እንደሆነች አውቀው ይውሰዷት። አልፈልግም ካሉም ምክንያቱን ለራሴ ይንገሩኝ፤ በሽማግሌ አይላኩብኝ።»

የዘጉት መሰለኝ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «ሰው ምን ይለኛል?» አሉ።

«ይልዎታል» አልኳቸው። «እኔንም ሲለኝ ኖሯል። የሚልዎትን ግን ብቻዎን አይሰሙም፤ አብሬዎት እቆማለሁ።»

እትዬ ፀሐይነሽ አልዘጉትም፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ስልኩን ከጆሮዬ ሳላነሳ «በእኔ በኩል እሺ ነው» ብዬ ለሽማግሌዎቹ ወንበሩን በእጄ አሳየኋቸው።