ፋዱማ ያሳጠረቻቸው ቀሚሶች

«ከደረጃ ወድቃ ነው አይደል?» አለች አንዲት ጎረቤት ሻይዋን እያቀዘቀዘች።

«የምን ደረጃ! ከመስገጃዋ ላይ ስትዞር ነው እንጂ። ዳሌዋ ነው የተሰበረው» አለቻት ሌላዋ በሹክሹክታ።

ካውሰር ከጓዳ ሆና ሰማቻቸው። ሁለተኛዋ ልክ ናት። እናቷ ፋዱማ ንጋት ላይ ለሱብሒ ሶላት ቆማ፣ ዞር ስትል ወደቀች። ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ፤ ከአልጋ ሳትነሳ ግን ሳንባዋ ታመመና ሞተች። ሐኪሙ አጥንቷ ሳስቶ እንደነበር ነገራቸው። የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ ብዙ ሴቶችን ያገኛል፣ ቁመት ቢቀንስም ሰው ልብ አይለውም፣ እስኪሰበሩ ድረስ አያስታውቅም አለ። ቀጥሎም ካውሰርን «እህት አላት? የአጥንቷን ጥግግት ታስለካ» አላት።

እህትየዋ ቢሻሮ አሁን ጓዳ ውስጥ ከካውሰር ጋር ለሰደቃ የሚሰጠውን የሟች ልብስ እየለየች ነው። ስልሳን አልፋለች። አምና የእጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

«ሀበርያር» አለቻት ካውሰር፤ የእናት እህት በቤታቸው ሶማሊኛ የምትጠራው እንዲህ ነው። «ነገ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«የእህቴ አፈር ሳይደርቅ ለራሴ ምርመራ ልሩጥ? ለተእዚያ፣ ሊያስተዛዝን የመጣው ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ምን አመመኝ? ወላሂ አንቺ ልጅ፣ በሽታ እየዞርሽ ትለቅሚያለሽ።»

«አምና እጅሽ ተሰብሮ የለ?»

«እሱን የበሩ ደፍ ነው የሰበረኝ! ደፉን ወስደሽ አስመርምሪ!»

ሳሎን ያሉት ሴቶች ሳቃቸው አመለጣቸውና የለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው አፋቸውን ያዙ።

ፋዱማም እንዲሁ ነበረች። መጋላ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ስትሸጥ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ጣቃ የምታወርደው በእጇ ነበር፤ መቆሚያ አትፈልግም። በኋላ አልደርስ ሲላት አናጢውን ዓዋሌን ጠርታ «መደርደሪያዬን ማን ከፍ አድርግ አለህ?» ብላ ተጣላችው። ዓዋሌ ቢምል ቢገዘት አላምን ስላለችው በርጩማ ሠርቶ በነፃ ሰጣት። ቀሚሷ መሬት መጎተት ሲጀምር ደግሞ «ይሄ ጨርቅ በእጥበት ይለቃል» አለችና ጠርዙን አጥፋ ሰፋችው። በጨርቅ ጉዳይ እሷን ማን ይከራከራታል? ወገቧን ሲያማትም ብርድ ነው ብላ የሰሊጥ ዘይት ታሽበት ነበር።

ቢሻሮ ከክምሩ ውስጥ ሰማያዊ ሽቲ ቀሚስ መዘዘች። ሁለቱ እህቶች ለዒድ ከአንድ ጣቃ እያስቀደዱ ቀሚስ ያሰፉ ነበር፤ የፋዱማ ሁልጊዜ በስንዝር ይረዝማል። ይህንኛውን በለበሰችው ላይ ደረበችና ቆማ ወደ ታች አየች። ልክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ቆመ።

ጎንበስ ብላ ጠርዙን ገለበጠችው። አንድ እጥፋት አለ፤ በላዩ ላይ ሌላ እጥፋት።

«እኔን አክላ ነበር» አለች።

ካውሰር እጥፋቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«በየቀኑ አብረን እንውል ነበር እኮ። ጎን ለጎን ተቀምጠን አላየሁም።» ቀሚሱን ሳታወልቅ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ «ልብስ ያስወልቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ የለም። ትተኛለሽ፣ ማሽኑ ከላይ ያልፋል፣ አለቀ። አያምም።»

«ቢገኝብኝስ?»

«መድኃኒት አለው። ለእናቴ ማን ነገራት?»

በማግስቱ ጠዋት ሲወጡ ለተእዚያ የሚመጡ ሴቶች በሩ ላይ አገኟቸው።

«ቢሻሮ፣ ወዴት ነው በዚህ ቀን?»

«አጥንቴን ላስለካ» አለች ድምፅዋን ሳትቀንስ። «እናንተም ለሷ ዱዓ አድርጉና ተከተሉኝ። አንዳችሁም ልጅ አይደላችሁም።»

ባጃጁ ውስጥ ካውሰር ቀድማ ገብታ አንዱን ጥግ ያዘች። ቢሻሮ ሌላው ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ ሦስቱ አብረው ሲሄዱ የመሃሉ ቦታ የፋዱማ ነበር። ካውሰር ጠጋ ልትል አሰበችና ተወችው።

ሹፌሩ ኮረኮንቹ ላይ ሲደርስ ባጃጁ መንገጫገጭ ጀመረ።

«ቀስ በል፣ ወንድሜ» አለችው ቢሻሮ። ክንዷን በባዶው ቦታ ላይ ዘርግታ፣ መሃል የተቀመጠ ሰው እንዳይወድቅባት እንደምትደግፍ፣ የፊቱን ብረት አጥብቃ ይዛ ነበር።