ከሳሎኑ የተቆረጠው ክፍል

አባቴን ከባምባሲ ገጠር ወደ አሶሳ ያመጣሁት በግድ ነው። ስኳሩ ከፍ ብሎበት ማሳው ላይ ወድቆ ጎረቤት ነው ያነሳው። እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆናት፤ ብቻውን እያለ ደግሞ ቢወድቅ ማን ያየዋል?

ቤታችን ሳሎንና አንድ መኝታ ቤት ብቻ ስለሆነ ሳሎኑን ለሁለት ለመክፈል ወሰንኩ። በሸርቆሌ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ባለቤቴ ሰራዊት፣ "ሳይቸግር ጤፍ ብድር!" ብሎ አላገጠብኝ። እንግዳ በዓመት አንዴ ለሚመጣበት ሳሎን ማዘን የኛ ሰው በሽታ ነው። ቡፌውን ሸጥኩ፤ ሶፋውን ወደ ጥግ ገፋሁ፤ አንድ አልጋና አንድ ወንበር የሚይዝ ቦታ ወጣ።

ችግሩ የሳሎኑ ሰፊ መስኮት በአባቴ በኩል መዋሉ ነበር። ግንበኛውን አብዱልሐሚድን፣ "ድፈንልኝ፤ ሁለት ስንዝር ብቻ ይቅር" አልኩት። አብዱልሐሚድ እዚሁ አሶሳ ተወልዶ ያደገ የበርታ ሰው ነው። በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ነው የሚለው። መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

"አይናለም፣ ወላሂ ሰው ይቃጠላል። መስኮት ተው። ይሄን መካከል ግድግዳም ቀርቀሃ አድርግ፣ ንፋስ ያልፋል።"

"አባቴን ዶሮ ቤት ላስገባው ነው?" ብዬ ጮህኩበት። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ። ያደግኩበት ቤት ግድግዳው ወፍራም ጭቃ፣ መስኮቱ ሁለት ስንዝር ነበር። አባቴ በደጋ አገሩ ወግ የሠራው ይመስለኝ ስለነበር፣ ልክ ያንን አሠራሁለት።

አባቴ ገብቶ ዙሪያውን አየና "እግዜር ይስጥሽ" አለ። ከዚያ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ከግቢያችን ማንጎ ሥር አይነሳም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ልብሱን በነጠላ ቋጥሮ አልጋው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ወደ ቤቴ ልሂድ" አለኝ።

ነገር በሆዴ አያድርም። "ምን አጎደልኩብህ? ሳሎኔን ቆረጥኩልህ፣ ያንተኑ ቤት ሠራሁልህ!" አልኩት። በረንዳውን ይለስን የነበረው አብዱልሐሚድ ድምፄን ሰምቶ መለሰኛውን አስቀመጠ።

አባቴ መስኮቱን አየ። "የዚያን ቤት መስኮት ያጠበብኩት ለራሴ መሰለሽ?" አለ። "ከወሎ በመጣን በመጀመሪያው ክረምት እናትሽን ወባ ያዛት። በዚህ ሙቀት ሦስት ጋቢ ደርባ ትንቀጠቀጥ ነበር። 'ነፋሱ ገደለኝ፣ ዝጋልኝ' አለችኝ፤ በጭቃ ደፈንኩት። ከዳነችም በኋላ ነፋስ ሲገባ ትሳቀቃለች። ስለዚህ ተውኩት።"

"አንተስ?"

"እኔማ ከርከሮ እጠብቃለሁ እያልኩ ደጅ አድር ነበር።"

ልጅ ሆነን አባታችን ለበቆሎው ሲል እንቅልፍ የማያውቅ ጀግና ይመስለን ነበር። አፈርኩም፣ አዘንኩለትም። ስንት ዓመት! አብዱልሐሚድን ጠርቼ "አፍርሰው" አልኩት። ዶማውን ይዞ መጣ።

እስከ እኩለ ቀን የደፈነው ሁሉ ወረደ፤ የመካከሉም ግድግዳ በቀርቀሃ እንዲሆን ተስማማን። ከማንጎው በኩል ነፋስ ገባ። አባቴ አልጋው ላይ እንደተቀመጠ ፊቱን ወደ ነፋሱ አዞረ። ከዚያ እንባው ወረደ። በእናቴ ቀብር ላይ እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም።

"ይበርደኛል ስትለኝ" አለ፣ "አንድ ቀን እንኳ እኔን ይሞቀኛል አላልኳትም።"

ቋጠሮውን ፈትቼ ልብሱን ምስማሩ ላይ መስቀል ጀመርኩ። አልከለከለኝም።

"አይናለም" አለኝ፣ "የሰጠሽኝን ጋቢ ግን ውሰጂልኝ፤ ይሞቀኛል።"